የመልቀቂያ ምክንያት፦ ጋብቻ

ተቆጣጣሪው ደባሌን በመወልወያው እንጨት ሲመታት የእጇ አጥንት ሲሰበር ሰማሁ። ጥፋቷ ደረጃ ላይ ለአፍታ አረፍ ማለቷ ነው። ካይሮ ዳር ባለ አንድ የግል ዩኒቨርሲቲ አብረን እናፀዳ ነበር፤ አርድ ኤል ሊዋ በሚባል ሰፈርም አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን።

ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ባልዲውን ከነውሃው አንስቼ ፊቱ ላይ አሳረፍኩበት። አፍንጫው በደም ተጥለቀለቀ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። እሱም በፀጉሬ ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመኝ። ዘበኞቹ ናቸው ገላግለው፣ እኔንና ደባሌን እየጎተቱ የሰው ሀብት ኃላፊው ቢሮ ያስገቡን።

ከዚህ ኃላፊ በፊት የነበረችው ሴትዮ የከፋውን ሠራተኛ አስቀምጣ ትሰማ፣ ፈረቃም ትቀይርለት ነበር። በእሷ ጊዜ የሚለቅ ሰው ብርቅ ነው። ይሄኛው ግድግዳውን በምስክር ወረቀት ሞልቶታል፤ ስለ ሠራተኛ አያያዝ ሥልጠና ሳይቀር ይሰጣል። ሰው ግን ወንፊት ላይ እንደፈሰሰ ውሃ አልቆምለት አለ። ከእኛ ከፅዳቶቹ ተደብድባ የሄደች ሁሉ፣ የመልቀቂያ ቅጿ ላይ ምክንያቱን «ጋብቻ» ብሎ ይሞላላታል። በእሱ መሳቢያ ውስጥ ሁላችንም ሙሽሮች ነን።

ለደባሌ ውሃ አስመጣላት። ከዚያ ድምፁን አለስልሶ፣ እጇ የተሰበረው ከደረጃ ወድቃ እንደሆነ፣ እኔ ደግሞ ያለ ምክንያት ሰው እንደደበደብኩ የሚናገር ወረቀት ፊቷ አስቀመጠ። ከፈረመች ሥራዋም ለመኖሪያ ፈቃዷ የሚጽፍላት ደብዳቤም አለ። ካልፈረመች ሁለቱም የሉም።

ዞር ብላ አየችኝ። ግንባሬ ይደማል።

«አትፈርሚ» አልኳት።

በግራ እጇ ፈረመች። «ማሌሽ እህቴ፣ ይቅር በይኝ፤ የት እሄዳለሁ?»

የቀረውን እጇን ልሰብረው ተመኘሁ። ኃላፊው ወረቀቱን ቆልፎበት፣ ትንፍሽ ካልኩ ለፖሊስ እንደሚሰጠው ነገረኝ። የእኔም ቅጽ ላይ «ጋብቻ» ሞላ።

ማታ እጇን በጄሶ አሳስራ መጣች። ጀርባዬን ሰጠኋት፤ እሷም አልተኛችም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፣ አውቃለሁ፤ ግን አንጀቴ አርሮ ነበር።

ሲነጋ የሥራ ልብሷን ለብሳ ከቁልፎቹ ጋር በአንድ እጇ ስትታገል አየኋት። ያ ተቆጣጣሪ ዛሬም እዚያው ነው። ተነሳሁና አንድ በአንድ ቆለፍኩላት፤ በሩንም ከፈትኩላት።