ከፊት እግሯ ጀርባ

አባ ብሩሽ ፈረስ ሲያጸዳ ሰው አያናግርም። መጀመሪያ የጎማ መፋቂያውን እያዞረ የደረቀ ጭቃና ላብ ያነሣል፤ ቀጥሎ በጠንካራው ብሩሽ አቧራውን ያራግፋል፤ በመጨረሻ ከአባቱ በወረሰው፣ እንጨቱ በመዳፍ ብዛት በተቦረቦረው ለስላሳ ብሩሽ ጠጉሩን ያስተኛል። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠርቷል። የግልቢያ ትምህርት ቤቱን ዘጠኝ ፈረሶች የሚያጸዳው እሱ ነው፤ ቅጽል ስሙም ከዚያው ወጣለት።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግን እጁ ዳማዋ ባዝራ ላይ ሲደርስ ቆመ። ከፊት እግሯ ጀርባ፣ የኮርቻው ጠፍር በሚያልፍበት በኩል፣ ሳንቲም የምታህል ክብ ቦታ ላይ ጠጉሩ ረግፏል። ቆዳው ፎረፎር መስሎ ተቀርፏል። ጣቱን ሲያሳርፍባት ባዝራዋ ዝንብ እንዳረፈባት ሁሉ ቆዳዋን አርገበገበች።

ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን አየ።

የፈረስ ሐኪሙ በሦስት ሰዓት ይመጣል። ምርመራውን ያለፈ ፈረስ መኪና ላይ ወጥቶ ወደ ውድድሩ ይሄዳል። የቀረ ደግሞ ዕጣው ታውቋል፤ የትምህርት ቤቱ ባለቤት ባለፈው ሳምንት ሠራተኞቹን ሁሉ ሰብስቦ «ዘንድሮ ውድድር ያልወጣ ይሸጣል፤ ሣር የምቀልበው ለጌጥ አይደለም» ብሏል። ዳማዋን አባ ብሩሽ ነው ያሳደጋት፤ እናቷ ሞታባት በጡጦ እያጠባ። ሚስቱ ማታ ማታ «ሁለተኛዋ ልጅህ እንዴት ዋለች?» ትለዋለች፣ ግማሹን በቀልድ ግማሹን በቅናት።

ብሩሹን በውሃ ነክሮ ጠጉሩን ወደ ታች ሳበው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ አየ፤ ክቧ የለችም። ጠጋ ብሎ አየ፤ አለች።

ኮርቻ የምትጠግነው ሴትዮ ጠፍር በትከሻዋ ጥላ ብቅ አለች።

«አንተ፣ ሙሽራ ነው እንዴ የምትኩለው? አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት!»

«ዞር በይልኝ፣ እህቴ።»

«እላለሁ። ግን ያንን እጅህን ለሐኪሙ አሳየው። ሳምንቱን ሙሉ ቁንጫ እንደፈጀው ውሻ ስታክ ነው የሰነበትከው።»

እጅጌውን ሰበሰበ። አንጓው ላይ ጠርዟ የቀላ ክብ አለች፤ የባዝራዋ ክብ እህት። ሚስቱ ሦስት ጊዜ ነግራው «የሳሙና ነው» ብሏት ነበር። የሳሙና አይደለም፤ ጭርት ነው። ጭርት ደግሞ በብሩሽ ከፈረስ ወደ ፈረስ ይሄዳል።

ቀና ሲል ግድግዳው ላይ ዘጠኝ ብሩሾች ተሰቅለዋል፤ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ ከነፌስታላቸው። ባለቤቱ አምና ለየፈረሱ ሲገዛ፣ አባ ብሩሽ «ብሩሽ እንደ እጅ ነው፤ ስንት እጅ አለኝ?» ብሎ ሰቅሏቸው ቀረ። ከሦስት ሳምንት በፊት ወደመጣው አምባላይ ፈረስ ሮጠ። ግንባሩ ላይ የወደቀውን ጋማ ገለጠው። ሁለት ክቦች።

መኪናው ጥሩምባ ነፋ። ሐኪሙ ገባ።

የዳማዋን ዓይን አየ፣ ጥርሷን አየ፣ ሰኮናዋን አስነሥቶ መረመረ፣ በእጁ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ዳበሳት።

«እጅህ ይባረክ፤ ቆዳዋ መስታወት ነው» አለ ሐኪሙ። «ትለፍ።»

ባለቤቱ ፈገግ አለ። የመኪናው የኋላ መዝጊያ ወረደ። ውስጥ የሌላ ቤት ፈረሶች ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። «እነዚያንም ያሳደገ አለ» አለ አባ ብሩሽ በሆዱ።

«ዶክተር...» ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። «ጠጉሩን ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ከፊት እግሯ ጀርባ ገልጠው ይዩት።» እጅጌውንም ሰበሰበ።

ሐኪሙ ገልጦ አየ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። አምባላዩም አለበት።»

«እንግዲያው መኪናው ይሂድ። ከዘጠኙ አንዱም ከዚህ ግቢ አይወጣም።»

የባለቤቱ ፊት በርበሬ መሰለ። «ማነው ያጋባው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ። በዚህ ብሩሽ።»

ባለቤቱ ግድግዳውን አየ። «እነዚህንስ ለጌጥ ነው የገዛኋቸው?»

«ዳማዋስ... ትሸጣለች?»

«ጭርታም ፈረስ ማን ይገዛኛል? መጀመሪያ አድናት!»

የአባቱን ብሩሽ ያን ዕለት ቆሻሻ በሚቃጠልበት በርሜል ውስጥ ከተተው። ፌስታሎቹን ቀደደ። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ የሐኪሙን መድኃኒት ይቀባል፣ እጁን ይታጠባል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሚስቱ የሱን አንጓ ትቀባለች። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ክቧ ላይ እንደ ኮክ ልጣጭ ያለ ለጋ ጠጉር በቀለ፤ ደስታውን ግን ሆዱ አልቀበል አለ። የዳነ ፈረስ ይሸጣላ!

ሐኪሙ መጥቶ «ድነዋል» ሲል ባለቤቱ አብሮ ቆሞ ነበር። ከዳማዋ የፊት እግር ጀርባ ራሱ ጎንበስ ብሎ ዳበሰ።

«ቁጥር አራት ብሩሽ የማን ነው?»

«የሷ ነው፣ ጌታዬ።»

«ዳማዋን ለሚቀጥለው ውድድር አድርስልኝ» አለና ወደ በሩ አመራ። እዚያ ሲደርስ ዞር አለ። «ብሩሿን ለማንም እንዳታውስ!»