ገናን ሁዳዴ ያደረግሁበት ቀን

ቢቸና ውስጥ የድምፅ ባለሙያ ማነው ብላችሁ ብትጠይቁ ወደ እኔ የሚጠቁማችሁ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ሳትጠይቁኝም እነግራችኋለሁ። ይታያል እባላለሁ። ቴፕና ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ፣ ሥራው ሲቀዘቅዝ የድሮ ቪዲዮ ካሴት ወደ ፍላሽ መገልበጥ ጀመርኩ። ከበሬ በላይ «የተበላሸ ድምፅ እናጠራለን» የሚል ሰሌዳ ሰቀልኩ። «እናጠራለን» ያልኩት ብዙ እንድመስል ነው እንጂ ያለነው እኔና አንድ የተንገዳገደ ወንበር ነን። ባለቤቴን ብሩክታይትን፣ ሦስቴ ተጠርቼ የማልሰማ ሰውዬ የሌላውን ድምፅ ላጠራ መነሳቴ እስከ ዛሬ ያስቃታል።

ባለፈው ክረምት መሪጌታ ገብረ ኪዳን ከሞጣ በሚኒባስ መጡ። በነጠላ የተጠቀለለ ካሴት በጉያቸው ይዘዋል። ድሮ በቴሌቪዥን የተላለፈ፣ እሳቸው ያገለገሉበት የገና ማሕሌት ነው። አንድ ዘመዳቸው ከቴሌቪዥን ላይ ቀድቶላቸው ነበር፤ ሌላ ቅጂ የለም። ካሴቱ ሻግቷልና እንዳይበጠስባቸው ለመኑኝ። እኔ ሆዬ ደረቴን ነፍቼ፣ እኔ እጅ ከገባ በኋላ ምን ስጋት አለ አልኳቸው። ምስኪን፣ አመኑኝ።

ሻጋታውን ጠራርጌ ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኩት። ከላይ በቀጭኑ ሽሽ ይላል፣ ከታች በወፍራሙ ይጎመጉማል። ዩቲዩብ ላይ እንዳየሁት ሽሽ የሚለውን ቆረጥኩ፣ የሚጎመጉመውን ቆረጥኩ። ሲጠራልኝ ጊዜ ሞቅ አለኝና ደጋግሜ ቆረጥኩ። ኮምፒውተሬ ሞልቶ ስለነበር ያልተነካውን ቅጂ አጥፍቼ የጠራውን ብቻ አስቀረሁ። ጉድ እኮ ነኝ!

መሪጌታ ተመልሰው ሲመጡ ማዳመጫውን አጠለቅሁላቸውና ምርቃት እጠብቅ ጀመር። ጥቂት ሰምተው አወለቁት።

«ከበሮውስ? ጸናጽሉስ?» አሉኝ። «ገናን ሁዳዴ አደረግኸው እኮ።»

ከበሮና ጸናጽል ዝም የሚሉት በሁዳዴ መሆኑን ቢቸና ውስጥ ሕፃን ያውቃል። ቤተ ክርስቲያን ጥግ ያደግሁት እኔ፣ ያ ሁሉ ሽሽታ ጸናጽል፣ ያ ሁሉ ጉምጉምታ ከበሮ ሊኖርበት እንደሚችል አልመጣልኝም። አፍሬ ለመሳቅ ሞከርኩ። እሳቸው አልሳቁም። ፋንታ የሚባል አምና የሞተ ወንድም እንደነበራቸው ነገሩኝ፤ በዚያ ሌሊት ከዓምድ ኋላ ቆሞ ስለነበር ካሜራው አላየውም። ከእሱ የቀረላቸው የጸናጽሉ ድምፅ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ደነገጥኩ። ያለን አማራጭ የሻገተውን ካሴት እንደገና ማጫወት ነው። በስም የማውቀውን ታቦት ሁሉ እየጠራሁ ከተትኩት። መሃል ላይ ሲጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ እንደ ምንም ቀጠለ። በዚህኛው ዙር ምንም አልነካሁም፤ ሽሽታውም ጉምጉምታውም እንዳለ ገባ።

አብሬያቸው ላዳምጥ ጆሮዬን ቀሰርኩ። የትኛው ጸናጽል፣ የትኛው የካሴት ድምፅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። መሪጌታ ግን በድንገት፣ እሱ ነው ብለው እጃቸውን አነሡ።

ፋንታ ጸናጽሉን ሁልጊዜ ከሌሎቹ ቀድሞ ነው የሚያሰማው። ዕድሜ ልካቸውን ስለዚህ ይቆጡት እንደነበር ነገሩኝ። እንባቸው በጢማቸው ላይ እየወረደ ነው።

«ታናሼ እኮ ነው» አሉ። «አንድ ቀን እንኳ ሳይጠብቀኝ እንደቀደመኝ ቀረ።»