ወንዝ ተሻግረን የጠየቅናት አራስ

ይህ ከሆነ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ጊዜው የጦርነት ጊዜ ነበር፤ ወሩ መስከረም። ዛሬ የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ጎረቤት ተሰብስቦ አራስ ሊጠይቅ ሲሄድ ባየሁ ቁጥር ግን ያ ቀን ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ያኔ ከጎንደር በስተምዕራብ ባለች አንዲት የገጠር ቀበሌ መምህርት ነበርኩ። ቀበሌዋን ከማዶው ሰፈር የሚለያት አንድ ወንዝ ነው። ቀድሞ የሁለቱ ሰፈር ሰዎች አብረው ይገበያዩ፣ ይጋቡ፣ ማኅበር ይጠጡ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ወዲህና ወዲያ ሆነው ምሽግ ቆፈሩ። ትምህርት ቤቱ እኛ ጋ ቀረ፣ ገበያውና ወፍጮው እነሱ ጋ። በመልካው ወንዙን የሚሻገር ሰው ጠፋ። ትምህርት ተቋረጠ፣ መኪና ቆመ፣ ስልክም ተዘጋ። እኔም ወደ ቤተሰቦቼ መመለስ አቅቶኝ ተከራይቼ በምኖርበት በእትዬ ዘውዴ ቤት ከረምኩ።

እትዬ ዘውዴ ረጅም፣ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ይታይሽ ከጦርነቱ በፊት ማዶ ተድራለች። እርጉዝ መሆኗን ሰምተዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ወሬዋ የለም።

አንድ ቀን ጠዋት ከማዶው ጉብታ ላይ አንዲት ሴት ተጣራች። “ዘውዴ! ኧረ ዘውዴ! ይታይሽ ተገላግላለች! ሴት ናት!” ብላ ሮጣ ተሰወረች።

እትዬ ዘውዴ ተደፍተው መሬት ሳሙ። ከዚያ ነጠላቸውን አደግድገው በየቤቱ መዞር ጀመሩ። እኔም ተከተልኳቸው። “ነገ አራስ ልንጠይቅ ነው፤ ሁላችንም” ይላሉ። “ወንድ አይከተለን። ዱላ የያዘችም ሴት ከእኛ ጋር አትሄድም። እዚያ ስንደርስ ገበያው ይከፈት እንላለን። እኛም እንሂድ፣ እነሱም ይምጡ።”

እትዬ ሙሉ ቤት ስንደርስ ደጁ ላይ ቆም አልን። ልጃቸው በዚያው በወንዙ ዳር ተገድሎ ገና ከል አላወለቁም።

“ልጄን የበሉት እነሱ አይደሉም ወይ? እኔ ገንፎ ይዤ ልሂድላቸው?” አሉ።

እትዬ ዘውዴ አጠገባቸው ተቀመጡ። “ነይ አልልሽም፤ አላስገድድሽም። ግን ሌላዋ እናት እንዳንቺ እንዳትሆን ነው” አሉና እጃቸውን ይዘው ብዙ ቆዩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተሰበሰብን። ማር የያዘች አለች፣ የገብስ ዱቄት የያዘች አለች። ልንነሣ ስንል እትዬ ሙሉ በጥቁር ልብሳቸው፣ በቅል ቅቤ ይዘው መጡ። መሃል አስገባናቸው።

የእኛ ሰፈር ታጣቂዎች መልካው አፋፍ ላይ አስቆሙን። አለቃቸው ደምሴ የእትዬ ዘውዴ የወንድም ልጅ ነው።

“ምነው አክስቴ፣ ወዴት ነው?”

“ይታይሽ ወልዳለች፤ ልጠይቃት።”

“አብደሻል እንዴ? ይተኩሱባችኋል! ተመለሱ!”

“ታዲያ ገንፎዋን ማን ያገንፋላት? አንተ ታገነፋለህ?” አሉት። ከታጣቂዎቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። ደምሴ ቆጣ ለማለት ሞከረ፤ ግን ከመካከላችን የራሱ እናት ትክ ብለው እያዩት ነበር። ከመንገዱ ዞር አለልን።

ወንዙ ገና አልጎደለም። ቀሚሳችንን ሰብስበን፣ እጅ ለእጅ ተያይዘን ገባን። መሃል ላይ ስንደርስ ከወዲያ በኩል ተኩስ ጮኸ። ወደ ሰማይ ይሁን ወደ እኛ አላወቅሁም። ውሃው ውስጥ በርከክ አልኩ። አንዷ በክንዴ ጎትታ አነሣችኝ። “ቁሙ! አንድ እርምጃ እንዳትራመዱ!” የሚል ድምፅ ተሰማ።

እትዬ ዘውዴ ቆሙ። አልተሳደቡም፣ አልለመኑም። ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ “ይታይሽ! እንኳን ማርያም ማረችሽ!” ብለው ተጣሩ። እኛም ሁላችን በአንድ ድምፅ ተቀበልናቸው። “እንኳን ማርያም ማረችሽ!”

ከዚያ ከማዶ፣ ከቁጥቋጦ ኋላ አንድ የወንድ ድምፅ፣ ሳያስበው ሳይሆን አይቀርም፣ “ማርያም ታኑራችሁ” አለ። እዚያው ጓደኞቹ ሲስቁበት ሰማን። ክላሹን አንግቶ ወጣ፤ አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር።

እኛ ተሻግረን ስንወጣ የማዶው ሴቶች እልል እያሉ ቁልቁል ወረዱ። ከፊታቸው አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት ነበሩ። እትዬ ሙሉን አዩ፤ እትዬ ሙሉም አዩአቸው። ማን ማንን እንዳጣ አልተጠያየቁም። ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ቅሉ ወድቆ ተሰበረ፤ ቅቤውን ከሣሩ ላይ በእጃችን ለቀምነው።

ይታይሽ እናቷን ስታይ ያወጣችው ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ገንፎው ተገነፋ፤ ከሁለቱም ሰፈር ያለን ሴቶች ከአንድ ገበታ በላን። እትዬ ዘውዴ ለመመለስ ሲነሡ፣ ደጅ ለቆሙት ታጣቂዎች፣ “ቅዳሜ ለገበያ እንመጣለን። የእናንተም እናቶች ወደ እኛ ይምጡ። ያኔም ልትተኩሱ ከሆነ ከአሁኑ ንገሩን” አሉ።

ቅዳሜ ሄድን። ማንም አልተኮሰም። በሳምንቱ እነሱ ወደ እኛ መጡ። ሽማግሌዎች ከእኛ በኋላ ተነሥተው ሁለቱን ሰፈር አስታረቁ። ጦርነቱ በሌላ አካባቢ ቀጠለ፤ እዚያ መልካ ላይ ግን እኔ እስከነበርኩ ድረስ ሁለተኛ ጥይት አልጮኸም። ሕፃኗ ክርስትና ስትነሣ ክርስትና እናቷ እኔ ሆንኩ።

በኋላ ወደ ጎንደር ተዛወርኩ። እትዬ ዘውዴም አርፈዋል። ብዙ ሰልፍ፣ ብዙ የሰላም ስብሰባ አይቻለሁ። ግን በዚያ ወንዝ ውስጥ ከግራና ከቀኝ የያዙኝ እጆች ይናፍቁኛል። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ እንደዚያም ሰው አለኝ ብዬ አላውቅም።

የክርስትና ልጄ ዘንድሮ ትምህርት ጀምራለች፤ ወንዙን እየተሻገረች፣ እኔ ባስተማርኩበት ትምህርት ቤት። ስልክ ሲሠራ እደውልላታለሁ። በዚያ መልካ የተከሰተውን ገና ማንም አልነገራትም። ባለፈው፣ “ምነው ጠዋት ጠዋት ወንዙ እንዲህ ይበርዳል?” ብላ አማረረችብኝ። አይዞሽ አልኳት። ስለ ብርዱ ብቻ ስታማርር መስማት እንዴት ደስ እንደሚለኝ ግን አልነገርኳትም።