ለቅሶ ነው ያለኝ ሾፌር

የጋለ የፍሬን ሸራ ሽታ ታውቂዋለሽ? ጎማና ብረት አብረው ያረሩበት፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት ደሴ ላይ ከቢሮ ስወጣ አንድ የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ጨርሶ አጠገቤ ቆመና ያ ሽታ መጣብኝ። መንገዱን መሻገሩን ትቼ ቆምኩ። ሾፌሩ የሆነ ነገር የጠፋብኝ መስሎት በመስኮት አየኝ። እኔ ግን ከሚሴ ነበርኩ።

የመንገዱን ሥራ ለምን ተውሽው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እንግዲህ ልንገርሽ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የትራፊክ ፖሊስነት ሥልጠናዬን ጨርሼ የመጀመሪያ ምድቤ ከሚሴ ሆነ። እኔ የወረኢሉ ልጅ ነኝ፤ በሰኔም ጋቢ ደርበን የምንተኛ የደጋ ሰዎች ነን። ከሚሴ ከአውቶቡስ ስወርድ የተቀበለኝ ሙቀቱ ብቻ ነበር። በቆርቆሮ ክዳን ሥር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። አከራዬ ጨዋ ሴትዮ ነበሩ። ጠዋት “እንዴት አደርሽ”፣ ማታ “እንዴት አመሸሽ” ይሉኛል፤ ከዚያ በላይ የምንባባለው አልነበረም። ሱቅ ስገባ ወሬው ይቋረጣል። ምሳ ቤት ስቀመጥ አጠገቤ ያሉት ሾፌሮች ቶሎ ቶሎ ጎርሰው ይነሳሉ። ሰው ትራፊክ ሲያይ ቀበቶውን ያስራል እንጂ ሰላም አይልም። ይህን በሥልጠናው ጊዜ ማንም አልነገረኝም።

ሥራው ራሱ ከባድ አልነበረም። ወደ ጣቢያው የሚደወለው አብዛኛው ነገር ትንንሽ ጉዳይ ነው። ላም አስፋልት መሃል ተኝታ አልነሳ አለች፣ ባጃጅ የአህያ ጋሪ ገጨ፣ ሁለት ሚኒባሶች በተራ ተጣሉ፣ በገበያ ቀን ግመሎች መንገድ ዘጉ። እሄዳለሁ፣ ፊሽካ እነፋለሁ፣ ላሟ ትነሳለች፣ እመለሳለሁ። የቀረውን ጊዜ ከኮምቦልቻ የሚመጣው መንገድ ከተማ በሚገባበት ቦታ ላይ ከአለቃዬ ከሳጅኑ ጋር እንቆማለን። ሳጅኑ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግራሩ ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው በዓይናቸው ነበር የሚሠሩት። የሚሮጠው የእኔ እግር ነበር።

ሾፌሩን ያወቅሁት እዚያ ነው። ቀይ አይሱዙ ይነዳል፤ ከኮምቦልቻ ወደ ሰንበቴ፣ ከሰንበቴ ወደ ኮምቦልቻ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ያልፋል። የመጀመሪያ ቀን ሳስቆመው ሊብሬውንና መንጃ ፈቃዱን ሰጥቶኝ “አካም ጅርታ?” አለኝ። ፊቴን አኮሳትሬ “በአማርኛ” አልኩት።

“እንዴት ነሽ ማለት እኮ ነው፤ ስድብ መሰለሽ?” አለና ሳቀ። “መልሱ ‘ነጋ’ ነው። ሰላም ነው ማለት ነው።”

“እኔ የማውቀው ነጋ ሲነጋ ነው።”

“ያው ነው። ከነጋ ሰላም ነው።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባስቆምኩት ቁጥር አንድ የኦሮምኛ ቃል ይሰጠኛል። ቢሻን ውሃ፣ ከራ መንገድ፣ ኮቱ ነይ፣ ታኢ ተቀመጪ። በሚቀጥለው ሲያልፍ ይጠይቀኛል፤ ከረሳሁ “አንቺም ጥፋት አለብሽ” ይለኛል። ወረቀቶቹን አይቼ እመልሳለሁ፣ ይሄዳል። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ባለትዳር ነው፣ በዕድሜም ይበልጠኛል፤ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ግን በዚያ ከተማ ሲያየኝ ፊቱ የማይለወጥ ሰው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ያላለፈበት ቀን አይመሽልኝም ነበር።

ሳጅኑ ይህን አዩ። መጀመሪያ ላይ “ቀዩ መጣልሽ” እያሉ ይቀልዱ ነበር። አንድ ቀን ግን ሳይቀልዱ ጠሩኝ።

“ልጄ፣ ሰው እያወራ ነው። ያንን ሾፌር ሳትፈትሽ ታሳልፈዋለች ይላሉ። ብቻሽን ያለሽ ሴት ልጅ ነሽ። ስም አንዴ ከወጣ አይመለስም።”

ውሸት ነበር፤ አንድም ቀን ሳልፈትሸው አሳልፌ አላውቅም። ግን ውሸት መሆኑን ለማን ልንገር? የምነግረው ሰው አልነበረኝም።

ሌላም ነገር አስተምረውኝ ነበር ሳጅኑ። “ያጠፋ ሾፌር ሁሉ ለቅሶ ነው የሚለው” ይሉኛል። “በዚህ መንገድ ላይ የአንድ ሰው እናት በወር ሦስት ጊዜ ስትሞት አይቻለሁ።” እውነታቸውን ነው። አንዱ የአባቴ ለቅሶ ነው እያለ ሲለምነኝ፣ አባቱ ከኋላ ወንበር አንገታቸውን አውጥተው “ምን ሆነን ነው የቆምነው?” ብለው ጠይቀዋል። እንዲህ እየሰማሁ ጆሮዬ ደነደነ።

ሳጅኑ ስለ ስሜ ከመከሩኝ ሳምንት አልሞላም። ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነው። የማሽላው ማሳ ውስጥ ወፍ የሚጠብቁ ሰዎች ይጮሃሉ፣ ፀሐይዋ ከወዲሁ ማቃጠል ጀምራለች። ቀዩ አይሱዙ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት የአህያ ጋሪ ደርቦ፣ የማይረገጠውን መስመር ረግጦ እየበረረ መጣ። ጋሪው ቦይ ሊገባ ለጥቂት ተረፈ። ፊሽካ ነፋሁ። ከሾፌሩ በፊት የፍሬኑ ሽታ ደረሰኝ።

ሌላ ጊዜ ከጋቢና አይወርድም፤ ያን ቀን ሳልጠራው ወረደ። ሰላምታ የለም፣ አዲስ ቃልም የለም።

“እህቴ፣ እናቴ አርፋለች። አሁን ነው የተደወለልኝ። ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ይቀብሯታል። ልለፍ።”

ዞር ስል ሳጅኑ ከግራሩ ሥር ፈገግ ብለው ያዩኛል። ጋሪ ነጂው እየተራገመ መጥቷል። ሁለት ባጃጆች ቆመው እኔ የማደርገውን ይጠብቃሉ።

“ሊብሬ” አልኩት።

“ወላሂ እውነቴን ነው። በእናት ይዋሻል?”

“ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።”

ጥፋቱን ጽፌ፣ መንጃ ፈቃዱን ይዤ ልሸኘው እችል ነበር። ደንቡ ይፈቅድልኛል። እኔ ግን መኪናው እንዳይንቀሳቀስ መፍቻ አውጥቼ ታርጋውን መፍታት ጀመርኩ። ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ፈልጌ ነው። ሾፌሩ ሁለተኛ አልለመነኝም። ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ፣ እጄን አየ። የመጨረሻው ብሎን ሲወልቅ ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

“ሽንኩርት ነው የጫንኩት፤ የሰው ንብረት ነው። መኪናውን አደራ” አለኝ።

ከዚያ ወደ መናኸሪያው ሮጠ። ያደረገው የቤት ነጠላ ጫማ ነበር። አንዱ ወለቀበት፤ ተመልሶ አነሳውና በእጁ ይዞት ሮጠ።

በለቅሶ የሚዋሽ ሰው የጫነውን መኪና ጥሎ አይሄድም። ይህን እኔም አወቅሁት፣ ሳጅኑም አወቁት። ከድንጋዩ ተነስተው እያነከሱ መጡና አጠገቤ ቆሙ። ኮፍያቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

“እውነቱን ነበር” አሉ።

ልከተለው አሰብኩ። አደራ ብሎኝ የሄደውን ትቼ ደግሞ የት እሄዳለሁ? ቀኑን ሙሉ ከመኪናው አጠገብ ቆሜ ዋልኩ። ፍየሎች የሽንኩርቱን ቅጠል ፍለጋ በሸራው ሥር አንገታቸውን ያስገባሉ፤ በድንጋይ አባርራለሁ፣ ይመለሳሉ። ሳጅኑ “ሂጂ ምሳ ብዪ፣ እኔ አለሁ” አሉኝ። እምቢ አልኳቸው። ወደ ማታ ታርጋውን መልሼ አሰርኩና አንድ ባልደረባችን መኪናውን ወደ ጣቢያው ግቢ አስገባልኝ። ሾፌሩ ያን ቀን አልመጣም። በማግስቱ ባለ ሽንኩርቱ ራሱ መጥቶ ዕቃውን አራገፈ።

በሦስተኛው ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ዩኒፎርሜን አውልቄ ቀሚስ ለበስኩ፣ ሻሽ አሰርኩ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር ገዛሁ። መንደሩን ባጃጅ ነጂዎች ያውቁታል። በሰንበቴ መንገድ ሄደን ሄደን ከአስፋልቱ ወጣንና በማሽላው መሃል በአቧራ ገባን።

ሴቶቹ ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። በሩ ላይ ቆምኩ። አንዲት ባልቴት ቀና ብለው “ኮቱ፣ ታኢ” አሉኝ። ገባኝ። ገብቼ ተቀመጥኩ። ያንን ቋንቋ ማን እንደሰጠኝ እያሰብኩ ነበር የተቀመጥኩት።

የሾፌሩ እህት አጠገቤ ነበረች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል፤ እንደዚያም ሆና ስኳሩን ተቀብላ “አላህ ይስጥሽ” አለችኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

“ከከሚሴ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ወንድምሽን አውቀዋለሁ።”

“እሱን ነው የሚያሳዝነኝ” አለች፣ እጄን ይዛ። “ሽማግሌዎቹ ጠበቁት፣ ጠበቁት፤ ኋላ ሙት ማቆየት ደግ አይደለም አሉ። ሰው ከመቃብር ሲመለስ መንገድ ላይ አገኙት። አፈሩን እንኳ አላለበሳትም። መኪናው ተበላሸበት፤ የአላህ ሥራ ነው።”

“ተበላሸበት?” አልኳት።

“መንገድ ላይ ቆመብኝ ብሎ ነው የነገረን።”

አየሽ፣ ለእናቱ ልጆች እንኳ አልነገራቸውም። ልናገር አፌን ከፈትኩ። በዚያ ቤት፣ በዚያ ሁሉ ለቀስተኛ መሃል፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንባዬ መጣ። እህቱ ለእናቷ ያለቀስኩ መሰላትና ትከሻዬን አቀፈች። “አብሽሪ” አለችኝ፤ አይዞሽ ማለቷ ነው። ልታጽናናኝ። እኔን።

ከወንዶቹ ዳስ ሲመጣ በሩ ላይ አየኝ። ፂሙ አድጓል። ተነስቼ ቁልፉን ከቦርሳዬ አወጣሁና በሁለት እጄ ሰጠሁት። እህቱ ግራ ገብቷት አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች።

“እሷ ናት መኪናዬን የጠበቀችልኝ” አላት። ድምፁ ውስጥ ምንም ነገር አልነበረም። ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ወደ ወንዶቹ ተመለሰ።

እህቱ ሁለቱን እጆቼን ይዛ ሳመቻቸው። እስከ አስፋልቱ ድረስ በእግሯ ሸኘችኝ፤ ኀዘንተኛ ሰው ሆና፣ በዚያ ፀሐይ። መንገዱን ሙሉ ስለ እናቷ አወራችኝ። ቀበጥ ሴት ነበሩ፣ ከገበያ ለራሳቸው ሽቶ ሳይገዙ አይመለሱም ነበር። ከሚሴ ዘመድ እንደሌለኝ ስነግራት ቆመች። “እንዲህ ቅርብ ሆነሽ? እኛ አለንልሽ” አለችኝ። “ለአርባ ቀኗ ሰደቃ አውጥተን ሰው እናበላለን፤ እንድትመጪ። ካልመጣሽ እቀየምሻለሁ።” እመጣለሁ አልኳት።

ሾፌሩ ከሳምንት በኋላ ወደ መንገዱ ተመለሰ። ሳስቆመው ወረቀቶቹን ሳልጠይቀው ዘርግቶ ጠበቀኝ። “እንደምን ዋሉ?” አለኝ። እርስዎ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ቁጣ የለበትም፤ ለመንግሥት ሰው የሚሰጥ ሰላምታ ነው። መለስኩለትና “ይለፉ” አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሁልጊዜ እንደዚያ ሆነ። ይቅርታ ልለው ስንት ቀን ተዘጋጅቼ ቆሜያለሁ፤ ሲደርስ “ይለፉ” ብቻ ይወጣኛል።

እኔም ለቅሶ ነው ያለኝን ሁሉ ማሳለፍ ጀመርኩ። አብዛኞቹ ይዋሻሉ፤ ፊታቸው ላይ አየዋለሁ። አንዱ እንዲያውም ካለፈ በኋላ ከጓደኛው ጋር ሲሳሳቅ በመስታወቱ አይቼዋለሁ። ይሁን። ሳጅኑ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያዩ ነበር፣ አንድም ቀን አልከለከሉኝም። በእሳቸው ቦታ የመጡት አለቃ ግን አልወደዱትም፤ ለመንገድ አትሆንም ብለው ጻፉብኝ፤ እዚህ ደሴ መዝገብ ቤት የገባሁት እንደዚያ ነው።

አርባዋ የደረሰው ግን ከዚያ ሁሉ በፊት ነው። የዕረፍት ቀኔ ነበር። በጠዋት ታጠብኩ፣ ያንኑ ቀሚስ ለበስኩ፣ ስኳር ገዛሁ። በሰንበቴ መንገድ የሚሄዱት ባጃጆች ከሚቆሙበት ደረስኩ። አንደኛው አንድ ሰው ጎድሎት ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ አዘጋጁልኝ።

“ግቢ እህቴ” አለኝ ነጂው፣ “አንቺን ብቻ ነው የምንጠብቀው።”

አንድ እግሬን አነሳሁ። እህቱ በር ላይ ስትቀበለኝ፣ ለዘመዶቿ “የወንድሜን መኪና የጠበቀችልን ልጅ” ብላ ስታሳያቸው ታየኝ። እሱም እዚያው ቆሞ ዝም ሲል።

“ሂዱ፣ እኔ አልሄድም” አልኩ።

ስኳሩን ይዤ ተመለስኩና ለአከራዬ ሰጠኋቸው። “በምን ምክንያት ነው?” አሉኝ። እንዲሁ ነው አልኳቸው። ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ቀሚሴን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ዋልኩ። ቆርቆሮው በሙቀቱ ይንጣጣል፤ የአዛኑን ድምፅ እየሰማሁ አሁን ሰግደው ወጡ፣ አሁን ሰደቃው ቀረበ እላለሁ። በዚያ ከተማ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ፣ አንድ ሰው እኔን እየጠበቀ መሆኑን ያወቅሁበት ቀን ያ ብቻ ነበር።