በር የሌለው ሳሎን

ሮቤ ላይ ቴአትር ልናሳይ ስንዘጋጅ የመድረኩን ቤት እንድነድፍ የተጠየቅሁት እኔ ነበርኩ። ጎባ ሥዕል ስለማስተምር ሌላ ሰው አልተፈለገም። ታሪኩ የአባትና የሴት ልጁ ነው፤ መጨረሻ ላይ ልጅቷ ቤቱን ጥላ ትሄዳለች። አዘጋጁ ከጎጃም መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር፣ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው። ተዋናዮቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ማን ለማን ምን እንደሆነ ተመልካቹ ከዕቃው አቀማመጥ ይወቅ አለኝ።

ቀላል መሰለኝ። የአባትየውን ሶፋ መሃል አደረግሁ። ልጅቷ የምትቀመጥበትን ዱካ፣ ሲጠራት ቶሎ እንድትሰማ፣ በሶፋውና በማድቤቱ በር መካከል አስቀመጥሁ። የሟች እናቷ ወንበር ላይ ማንም እንዳይቀመጥበት ብርድ ልብስ ከመርኩበት። አዘጋጁ እንኳ ወደደው። ልምምዱ መጨረሻው ጋ ሲደርስ ግን ተዋናይዋ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ዞር ዞር አለችና «በየት ልውጣ?» አለች።

የውጭ በር አልሠራሁም። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቤታችን ትዝ አለኝ። የእኛ ቤት የፊት በር እናቴ ካረፈች ወዲህ ቡፌ ተደግፎበት ተዘግቷል። አባቴ ብርድ አይችሉም፤ ንፋሱ በዚያ ነው የሚገባው ብለው ነው። የምንወጣው በማድቤት በኩል፣ በሳቸው ሶፋ ፊት አልፈን ነው። ባለፍኩ ቁጥር ወዴት እንደምሄድ ይጠይቁኛል። ይህን ያህል ዓመት አስተምሬ፣ ሱቅ ለመሄድ እንኳ መልስ እሰጣለሁ።

ያን ሰሞን አጋርፋ የተሻለ ሥራ አግኝቼ ነበር። እየተመላለሱ የሚሠሩት አይደለም፤ እዚያው መኖርን ይጠይቃል። ቀጣሪዎቹ መልስ እየጠበቁኝ ነበር፤ ለአባቴ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ፈርቼ ነበር፤ ተናድጄም ነበር። ስለዚህ ተንኮል አሰብኩ። ለመድረኩ ሰፊ በር አሠራሁና ቴአትሩን እንዲያዩ ጋበዝኳቸው። አይተው ይገባቸዋል፣ እኔም ከመናገር እተርፋለሁ ብዬ።

ጋቢያቸውን ተከናንበው ፊት ተቀመጡ። ዱካውን ልብ ብለው ሲያዩት አየኋቸው። ብርድ ልብስ የተከመረበትን ወንበር ሲያዩ አቀረቀሩ። ልጅቷ በሩን ከፍታ ስትወጣ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ የሳቸው እጆች ግን ከጋቢው አልወጡም።

ወደ ጎባ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። ይቆጡኝና ይገላግሉኝ አልኩ በልቤ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሆዳቸው ሲባባ በኦሮምኛ ነው የሚጠሩኝ። «አጋርፋ ሥራ እንዳገኘሽ ሰው ነግሮኛል።»

ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ቀጠሉ።

«ያ የቴአትሩ ሰውዬ ልጁ ስትወጣ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። እኔ ግን አስፋልት ድረስ እሸኝሻለሁ። ሂጂ።»

ቢከለክሉኝ ኖሮ እሄድ ነበር፤ ቂሙ ስንቅ ይሆነኝ ነበር። በማግስቱ አጋርፋ ደወልኩና እንደማልመጣ ነገርኳቸው።