አባቴን ከቀዮቹ ወንበር ላስነሳ ወደ ጂንካ

ረቡዕ፣ ከሐዋሳ አርባ ምንጭ

ከሐዋሳ የተነሳሁት አባቴን ይዤ ልመለስ ነው። ይህን ከወዲሁ ልናገር፤ ደቡብ ኦሞ እሄዳለሁ ሲሉት ሽርሽር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አባቴ ጋሽ ታደሰ ሰባን አልፏል፤ የዕድሜውን እኩሌታ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። የዓይን ግፊት ሁለቱንም ዓይኖቹን ከወሰደበት ቆይቷል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጂንካ ላይ ብቻውን ይኖራል። ባለፈው ክረምት ከደጁ ፊት ለፊት ያለው የጎርፍ ቦይ ውስጥ ወድቆ ነበር። በስልክ ስጠይቀው «ጉንፋን ይዞኝ ነው» ብሎ ደበቀኝ። እውነቱን ከሰው አፍ ስሰማ በቃ አልኩ።

ከባለቤቴ ጋር ሆነን አንድ ክፍል ቀባን፤ አልጋ አስገባን፤ ሳሎን ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ሰቀልን። ለማያይ ሰው ቴሌቪዥን ገዛች ብላችሁ አትሳቁብኝ፤ አባቴ ቅዳሜን ያለ ኳስ አያውላትም። ቤተሰቦቼ «አዛዧ» ይሉኛል፤ አልተሳሳቱም። ነገሩን ሁሉ አዘጋጅቼ ጨርሼ የቀረኝ እሱን መኪና ላይ መጫን ብቻ መስሎኝ ነበር።

ሶዶ ላይ መኪና ቀየርኩ። አርባ ምንጭ ስደርስ መሽቶ ነበርና የሐይቅ አሳ ጥብስ በልቼ ተኛሁ። አሳው ጥሩ ነበር፤ አልጋው ግን ለወቀሳም አይበቃም።

ሐሙስ፣ በኮንሶ በኩል ጂንካ

የኮንሶን እርከን አልፈን ወደ ወይጦ መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ በመስኮት ገባ። ተሳፋሪው ሁሉ ሹራቡን አወለቀ። እኔ በልጅነቴ ይህን መንገድ በአባቴ መኪና ጋቢና ውስጥ የማውቀው በአቧራው ነው። አሁን አስፋልት ነው። ያኔ ዝናብ ከጣለ ወንዝ ዳር ማደር ነበረብን፤ አባቴም ሬዲዮኑን መሪው ላይ አንጠልጥሎ የኳስ ጨዋታ ይፈልግበታል። ድምፁ ይመጣል፣ ይጠፋል፤ ሲጠፋ አባቴ ቀሪውን ከራሱ እየጨመረ ይነግረኝ ነበር። በእሱ ትረካ የእኛ ቡድን ተሸንፎ አያውቅም።

ቀይ አፈር የደረስነው በገበያዋ ቀን ነው። የበና፣ የፀማይና የሐመር ሰው ማሩን በቅል፣ ቅቤውን በቅጠል ይዞ ሜዳውን ሞልቶታል። ማንጎ ልገዛ ወረድኩ። አጠገቤ አንድ የሐመር ጎልማሳ በርኩማውን፣ ያቺን ትንሽ የእንጨት መቀመጫ፣ በእጁ ይዞ፣ ጨሌውን አንገቱ ላይ ደርድሮ፣ ከላይ ቀይ ማሊያ ለብሶ ቆሟል። ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየና ጠየቀኝ።

«ቀይ ነሽ፣ ሰማያዊ?»

«እኔ ምንም አይደለሁም። አባቴ ቀይ ነው።»

«ምንም?» አለና ወደ ጓደኞቹ ዞሮ በሐመርኛ ነገራቸው። አብረው አዘኑልኝ። «ዲመካ ነይ። እኛም ጋ ኳስ የሚታይበት ቤት አለ፤ በጀነሬተር እናያለን።»

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በዚህ አገር የእንግሊዝ ክለቦችን በስማቸው የሚጠራ ጥቂት ነው። ሁለቱ ብዙ ደጋፊ ያላቸው ቡድኖች በማሊያቸው ቀለም ቀይና ሰማያዊ ተብለው ቀርተዋል። ሰውም ሲተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የሚጠየቀው ይኸው ነው።

ጂንካ ስገባ አባቴ በሩ ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ፊቴን በሁለት እጁ ዳበሰና «ከስተሻል» አለ። ላናግረው የመጣሁትን ነገር ያን ዕለት አላነሳሁበትም። የበቆሎ ጥብስ እየበላን ስለ እናቴ አወራን።

ዓርብ፣ ገዘር

አባቴን ብቻዬን እንደማላሸንፈው አውቃለሁ። ስለዚህ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፍሬ ከጂንካ በላይ ደጋ ላይ ወዳለችው ገዘር ወጣሁ፤ ጋሽ ማርቆስ ዘንድ። ጋሽ ማርቆስ የአሪ ገበሬ ነው፤ የአባቴ የረጅም ዘመን ወዳጅ፣ ኳስ ላይ ደግሞ ደመኛው። ሰማያዊ ነው። በየቅዳሜው ከገዘር ጂንካ ወርዶ፣ ከአባቴ ጎን ተቀምጦ፣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጆሮው ይነግረዋል።

ገዘር ጉም ለብሳ ነበር። እንሰቱ ከጣሪያው በላይ ሄዷል። ጋሽ ማርቆስ ድንች ሲቆፍር አገኘሁት፤ እጁ ጭቃ ስለነበር ክንዱን ዘርግቶ ሰላም አለኝ። ባለቤቱ ትኩስ ጎደሬ ከማር ጋር አቀረበችልኝ። እየበላሁ የመጣሁበትን ነገርኩት። ሐዋሳ ሐኪም ቤቱ ቅርብ እንደሆነ፣ ክፍሉ እንደተዘጋጀ፣ ዳግመኛ ቢወድቅ ማን እንደሚያነሳው እንደማላውቅ አንድ በአንድ ዘረዘርኩ።

ድንቹን እየለቀመ ሰማኝና «ልክ ነሽ» አለ። «ልጅ አባቷን ትወስዳለች። እኔ እነግረዋለሁ፤ እኔን ይሰማል።»

«ዛሬ ብትነግረውስ?»

«ዛሬ አይሆንም። ነገ ቀይና ሰማያዊ ይጫወታሉ። ከጨዋታ በፊት ሰው አይረበሽም።»

በዚህ ተስማምተን ወረድኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ግን ጋሽ ማርቆስ «ልክ ነሽ» ሲለኝ ዓይኑን ከድንቹ ላይ አለማንሳቱ ትዝ እያለኝ ተቸገርኩ።

ቅዳሜ፣ ቪዲዮ ቤት

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ልክ እንደ ሙሽራ ነው። ታጠበ፣ ተላጨ፣ ቀዩን ሹራብ ጠየቀ። ሹራቡ መታጠብ ነበረበት፤ ላጥበው ብል ተቆጣኝ። ባለፈው ሳምንት ያሸነፉበት ሹራብ ነውና እስኪሸነፉ ድረስ ውሃ አይነካውም። ክንዱን ይዤ በገበያው መሃል ስናልፍ ሰማያዊዎቹ ከያሉበት ለከፉት።

«ጋሽ ታደሰ! መጥረጊያው ተዘጋጅቷል!»

«አንተው ትጠርግበታለህ!» ይላቸዋል፣ ድምፃቸውን በየስማቸው እየለየ።

የመጥረጊያው ነገር የቪዲዮ ቤቱ ሕግ ነው። ከጨዋታ በኋላ የተሸነፈው ወገን ቤቱን ይጠርጋል፤ ሽማግሌ፣ ባለሥልጣን፣ ሕመምተኛ አይባልም። የቤቱ ባለቤት አስቴር ትባላለች፤ ሕጉን ያወጣችውም የምታስፈጽመውም እሷ ናት። ድሮ አባቴ ይህን ቤት ሲያዘወትር መብራት የሚመጣው ማታ ማታ ብቻ ነበር። አንድ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ የመኪናውን ባትሪ ፈትቶ ተሸክሞ መጥቶ ቴሌቪዥኑን በሱ አስነስቶላቸዋል። እኔም ትንሽ ልጅ ሆኜ ጉልበቱ ላይ ተቀምጫለሁ።

ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ አግዳሚዎቹ ባሕር ዛፍ። መሃሉን ሰው በጎን የሚያልፍበት ጠባብ መንገድ ይከፍለዋል። በስተቀኝ ቀዮች፣ በስተግራ ሰማያዊዎች ይቀመጣሉ። አባቴ በቀኙ አግዳሚ ጫፍ፣ መንገዱ ዳር ነው ቦታው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጫፍ የጋሽ ማርቆስ ነው። ያን ቀን ባዶ ነበር። ገዘር ላይ ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ሚኒባሶቹ ጭቃ ይዟቸዋል ተባለ።

አስቴር ትከሻዬን ነካ አድርጋ «በይ አንቺ ንገሪው» አለችኝ።

ጨዋታው ተጀመረ። እኔም ጀመርኩ። «አንዱ ለአንዱ ሰጠው… ያኛው ደግሞ መለሰለት…»

«የትኛው አንዱ? ስም የለውም?» አለ አባቴ።

«ረጅሙ።»

«ሁሉም ረጅም ናቸው፣ ልጄ።»

በዙሪያችን ያሉት ቀዮች ሳቁብኝ። እንዲህ ስንደናበር ሰማያዊው አገባ። አባቴ ፊቱን ወደኔ አዞረ። የልደቱን ስጦታ እንደሚጠብቅ ልጅ ነበር ፊቱ፤ እውነቱን ልነግረው አልሆነልኝም።

«ተሻረ» አልኩት በጆሮው። «ከጨዋታ ውጪ ነው ብለዋል።»

ፈገግ አለ። እጄን ፈልጎ ያዘኝ።

«የተነሳው ግራው ነው» አለ። «እዚህ በቀኜ ያለው ሰውዬ ተነፈሰና አግዳሚው ተንቋቋ። ተሽሮ ቢሆን የምንጮኸው እኛ ነበርን። እኔ ጎል የማየው በዚህ ነው። ማርቆስ ማን እንዳገባው ይነግረኛል እንጂ የማን እንደሆነማ ቤቱ ይነግረኛል።»

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከስክሪኑ ላይ አንስቼ እሱን አየሁት። ኳሱ ወደ ቀዮቹ ጎል ሲቀርብ ቀኙ ዝም ይላል፤ አባቴ ትንፋሹን ይይዛል። ኳሱ ሲርቅ ግራው ያጉረመርማል፤ አባቴ ይፈታል። እኔ አፍ ከመክፈቴ በፊት ሁሉንም ያውቀዋል። ያ ሐዋሳ የሰቀልነው ቴሌቪዥን ፊቴ ድቅን አለብኝ፤ አፈርኩ።

ለሁለተኛው አጋማሽ ጋሽ ማርቆስ ደረሰ። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ነው፤ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በሞተር መጥቷል። ሰላምታም ሳይሰጥ «ስንት ለስንት?» አለና ቦታው ላይ ተቀመጠ። ወደ አባቴ ጆሮ ዘንበል ብሎ ጀመረ። ቀዮቹ አቻ ሲሆኑ ጎሉን ቃል ሳይቀንስ ነገረው፤ ድምፁ ግን የለቅሶ ነበር። መጨረሻ ላይ ሰማያዊ በድጋሚ አግብቶ አሸነፈ። ግራው ወገን ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ።

አባቴ ሳይጠራ ተነሳ። አስቴር መጥረጊያውን በእጁ ሰጠችው። አግዳሚ በአግዳሚ፣ እግራቸውን እያነሱለት፣ እየለከፉት፣ እየመለሰላቸው ጠረገ። አንድም ቦታ አልተደናቀፈም። በገዛ ቤቱ ግድግዳ ዳስሶ የሚሄድ ሰው እዚህ አልዳሰሰም።

ሰው ሲወጣ ጋሽ ማርቆስ ቃሉን ጠበቀ።

«ታደሰ፣ ልጅህ ልትወስድህ መጥታለች። ሂድ። ሐኪም አለ፣ ቤት አለ። እኔም ሂድ እላለሁ።» ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባቴ መጥረጊያውን ተደግፎ ቆመ። «ሐዋሳ ቤትሽ ስንት ሰው ኳስ ያያል?» አለኝ።

«እኔና ባለቤቴ።»

«የማን ደጋፊ ናችሁ?»

አስቴር ገባችበት።

«ቦይ ውስጥ ሲወድቅ ያወጡት ሰማያዊዎቹ ናቸው» አለች። «ተሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱት። እስኪድን ድረስም ቀይና ሰማያዊ በየተራ ምግብ ወሰዱለት። እንዳንነግርሽ ያስማለን እሱ ነው።»

ከጨለማ ክፍል ላወጣው የመጣሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ላስገባው ነው የመጣሁት። ይህ ሲገባኝ አለቀስኩ፤ አባቴም ሰማና «ምን ያስለቅስሻል፣ የተሸነፍነው እኛ ነን» አለኝ። እሱን የመውሰዱን ሐሳብ እዚያው ቆሜ ተውኩት። አንድ ነገር ብቻ አስማልኳቸው፤ ከእንግዲህ ቢታመም፣ ቢወድቅ፣ እኔን እንዳይደብቁኝ። ጋሽ ማርቆስ «በእኔ ጣይው» አለና ጭቃ የነካውን እጁን ሰጠኝ።

እሁድ፣ ጂንካ

አባቴ ከቅዳሴ፣ ሌሎቹ ከየጸሎት ቤታቸው ሲወጡ፣ ከሁለቱም ወገን ሰዎች ግንድ ተሸክመው ደጃችን መጡ። የትናንቱን ጎል እየተከራከሩ ቦዩ ላይ ድልድይ ሠሩለት፤ መያዣም ገመድ አሰሩበት። እኔ ሻይ አፈላሁ። ቀዩን ሹራብ አጠብኩት፤ አሁን ይፈቀዳል።

ሰኞና ማክሰኞ፣ መልስ

ሰኞ ንጋት ላይ መነኻሪያ የሸኘኝ ጋሽ ማርቆስ ነው። ለመንገዱ ማር፣ ለቤቴ ድንች አስያዘኝ። ወይጦ ላይ ሞቀን፣ ኮንሶ ላይ ቀዘቀዘን፣ አርባ ምንጭ አድሬ ማክሰኞ ማታ ሐዋሳ ገባሁ። ባለቤቴ ከኋላዬ ሰው ፈልጎ ደጁን አየና «አባባስ?» አለ።

«ቤቱ ነው» አልኩት። ሌላ ለመጨመር ደክሞኝ ነበር።

ከዚህ መንገድ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ሰውን ከወደቀበት ማንሳት ጥሩ ነው፤ ከተቀመጠበት ማንሳት ግን ሌላ ነገር ነው። ይህን ለማወቅ ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ነበረብኝ፤ አዛዧ ነኛ!

ቅዳሜ ከሰዓት ናፍቆት አላስችል ብሎኝ ደወልኩለት። ከኋላው ቤቱ እንደ ጎርፍ ይጮሃል።

«አባባ፣ ደህና ነህ ወይ?»

«ደህና ነኝ፤ ዝጊው» አለኝ። «ጨዋታ ተጀምሯል።»

ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። እኔም ስልኩን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅሁ።