ቅቤ ይዛ በር ላይ የቆመችው

ልጅ ሳለሁ የአባዬን ድኩላ ከራሱ ከአባዬ በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። በስደት በመጣንበት አገር፣ ሰንሻይን ዌስት በሚባል ሰፈር በተከራየናት ቤት ሳሎን ውስጥ አሮጌ የጡብ ምድጃ ነበረች፤ ያኔ አባዬ ብሬብሩክ ባለ ካርቶን ፋብሪካ ይሠራ ስለነበር፣ ክረምት ሲገባ ዕቃ የሚደረደርበትን የተሰባበረ የፓሌት እንጨት በመኪናው ጭኖ ያመጣና ሂተሩን አጥፍቶ እሳት ያነድልናል። ሚስማሮቹ ፍሙ ውስጥ ይቀላሉ፤ ጠዋት እናቴ አመዱን ስትዝቅ አብረው እየተንኳኩ ይወጣሉ። እራት ከተበላ በኋላ መብራቱ ይጠፋል፣ እኔ ከአባዬ በስተቀኝ፣ ታናሽ ወንድሜ ናቲ ጭኑ ላይ፣ ከዚያ አባዬ ጉሮሮውን ይጠርግና ያችኑ አንድ ታሪክ ይጀምራል።

ታሪኳ አያቴ አባዬን በልጅነቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አደን ይዘውት የወጡበት ቀን ናት። ወሎ፣ ከደሴ ወዲያ ባለ ቆላ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣ አያቴ ምንሽራቸውን አንግተው ከፊት፣ አባዬ ከኋላ። አያቴ አፈር ቆንጠር አድርገው ይበትናሉ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ለማየት። «ሳል ከመጣብህ እጅህን ንከስ» ብለውታል። ከዚያ ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ መጠበቅ ነው፣ እግሩ እስኪደነዝዝ፣ ጉንዳን በሱሪው እስኪገባ፣ ድኩላው ከገደሉ ብቅ እስኪል። አባዬ ደክሞት ጉንዳኑን የዘለለ እንደሆነ «ጉንዳኑስ?» የምለው እኔ ነኝ። እጄን መንከስም ለምጄ ነበር፤ አስተማሪዬ የጥርሴን ምልክት አይታ እናቴን ትምህርት ቤት አስጠርታታለች።

ናቲ ግን ድኩላው ከመምጣቱ በፊት እንቅልፍ ይወስደዋል። አንድ ቀን እንኳ ነቅቶ አልጠበቀውም። ተኩሱ ላይ አባዬ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ቢባንንም፣ በእንግሊዝኛ «ሞተ?» ብሎ ይጠይቅና ተመልሶ ይተኛል። የታሪኩ መጨረሻ ደግሞ አጭር ነበረች። ቤት ሲደርሱ የአባዬ እህት፣ አክስቴ ዘነቡ ማለት ናት፣ በር ላይ ቆማ ጠብቃ አናቱን ቅቤ ትቀባዋለች። በቃ፣ አለቀ። ያኔ ይህችን ቁራጭ ከቁም ነገርም አልቆጥራትም፤ ድኩላው ከወደቀ በኋላ ያለው ለእኔ ትርፍ ነገር ነበር።

አንድ ክረምት ቻርሊ የሚባሉ የአባዬ የሥራ ባልደረባ፣ ከማልታ የመጣ ሽማግሌ፣ እናቴ «ጋሽ ቻርሊ» የምትላቸው፣ አጋዘን አደን ሊወስዱት ቃል ገቡለት። ጠመንጃውም ፈቃዱም የሳቸው ነው፤ አባዬ አብሮ ሄዶ ሊያይ ብቻ። ከማንስፊልድ ወዲያ ያለው ጫካ አጋዘን ሞልቶታል አሉት። ልጅም ይዘህ መምጣት ትችላለህ ብለውታል፤ ብቻ ዩት በሚሏት ፒክአፕ መኪናቸው ኋላ ወንበር ላይ ውሻቸውና ዕቃቸው ስለሚሆን የሚተርፈው ቦታ ለአንድ ልጅ ነው።

አባዬ ይህን እራት ላይ ሲነግረን፣ ነገሩን ሳይጨርስ ተነሥቼ ቦት ጫማዬን ከአልጋዬ ሥር አወጣሁት። ማን ይሄዳል የሚባል ጥያቄ ያለም አልመሰለኝ። አባዬ ጫማውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ናቲን እንደሚወስድ ተናገረ።

እናቴ እንኳ ማንኪያዋን አስቀምጣ፣ «የምታዳምጥህ እሷ፣ የሚሄደው እሱ?» አለችው።

«እሷማ ታውቀዋለች» አለ አባዬ። «የሚጠፋብኝ እሱ ነው። ብነግረው አይገባው፣ ብጠራው በእንግሊዝኛ ነው የሚመልስልኝ። እስቲ በዓይኑ ይየው።»

ዛሬ ሳስበው አባዬ ውሸቱን አልነበረም። ያኔ ግን ጥሩ አድርጌ በማዳመጤ የተቀጣሁ መሰለኝ። ምነው እኔም በተኛሁ ኖሮ፣ ምነው እኔም አባዬ ሲጠራኝ «ዋት?» ባልኩት ኖሮ እያልኩ ትራሴን ነከስኩ። ቀናሁ፤ ለነገሩ ሌላ ስም አልፈልግለትም። ናቲ ሲስቅ እንኳ የሳቁ ድምፅ አስጠላኝ። ዓርብ ከሰዓት ቻርሊ ሊወስዷቸው ሲመጡ ደግሞ ያ ልጅ የጌም መጫወቻዬን ካልያዝኩ አልሄድም ብሎ አለቀሰ። አልጋ ሲሉት አመድ ማለት እሱ ነው። ደህና ሁኑ ለማለት አልወጣሁም፣ በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው።

ቅዳሜን ከእናቴ ጋር ፉትስክሬይ ገበያ ዋልኩ። እሷ ሽንኩርት ስትመርጥ እኔ ከመኪና ማቆሚያው ዳር አፈር ቆንጥሬ በተንኩ፤ ነፋሱ ወደ እናቴ ነበርና ነጠላዋ ላይ አረፈ። ምን ሆነሻል አላለችኝም። ነጠላዋን አራግፋ ትኩስ ዶናት ገዛችልኝ፣ እኔም ቀዝቅዞ እስኪደርቅ በእጄ ይዤው ዞርኩ።

ሊመሽ ሲል የዩቱ ጡሩንባ ተሰማ። ላለመውጣት ምዬ ነበር፤ እግሬ ግን አልሰማኝም። አባዬ ጃኬቱ ጭስ ጭስ እየሸተተ ወረደ፤ ፊቱ ላይ ያየሁትን ደስታ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ቻርሊ ሥጋው ያለበትን ኤስኪ፣ የበረዶ ሣጥናቸውን፣ አወረዱ። ናቲ አባዬ ትከሻ ላይ ተቀምጧል። ሮጬ ሄጄ፣ ከየት በኩል መጣ፣ ነፋሱስ፣ ሳልክ ወይ እያልኩ አዋከብኩት።

ናቲ በእንግሊዝኛ «ተኝቼ ነበር» አለኝ።

አባዬ እየሳቀ አስረዳኝ፤ ብርዱ ስለበረታ በጃኬቱ ጠቅልሎት፣ ጭኑ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ በተኩሱ ሲባንን አጋዘኑ ወድቋል። እዚያም ሄዶ ተኛ! እኔ ብሆን ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔን አልከድንም ነበር። ይህን ጮክ ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት አባዬ ቀደመኝ።

«ቅቤ አምጪ» አለኝ።

እናቴ ቅቤ ምን ያደርግልሃል አለችው። ቻርሊም ናቲም ግራ ተጋብተው ያዩታል። በዚያ ግቢ ውስጥ ቅቤው ለምን እንደተፈለገ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። አባዬም ያንን ስለሚያውቅ ነው እኔን የላከኝ። ከፍሪጅ አውጥቼ ስመለስ «በሩ ላይ ቁሚ እንጂ» አለኝ፣ ቆምኩ። እንግዲህ ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ያን ሁሉ ክረምት፣ እሳቱ አጠገብ ተቀምጬ፣ ከአያቴ ኋላ ኋላ የምሄደው ልጅ እኔ ነኝ ብዬ ነበር። በታሪኩ ውስጥ የእኔ ቦታ ግን በሩ ኖሯል።

የሱፐርማርኬት ቅቤ ነው፣ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። በእጄ ላሟሙቀው እችል ነበር፣ አላሟሟቅሁትም። አባዬ ናቲን ዝቅ ሲያደርግልኝ ቅቤውን እንዳለ አናቱ ላይ አድርጌ በሁለት እጄ ፈተግሁት። ናቲ ጮኸ። አባዬ «ቀስ በይ» አለ፣ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ታሪኩ ሞላለት። እናቴ ያንን ፀጉር ስታጥብ አመሸች።

ከዚያ ወዲህ ምድጃዋ ዘንድ አዲስ ታሪክ መጣ፣ ያጋዘኑ። አባዬ ሲነግረው ናቲ ነቅቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። እኔም ጉንዳኑን ሳስታውሰው እንደኖርኩ ሁሉ «ተኝቶ ነበር» እያልኩ ማረሜን አልተውኩም።

ካደግሁ በኋላ አንድ የበዓል ቀን ደሴ አክስቴ ዘነቡ ጋ ደውዬ ስናወራ፣ ያን ቀን፣ አባዬ በልጅነቱ ከአያቴ ጋር አደን የሄደ ቀን፣ እርስዎ ምን ሲያደርጉ ዋሉ አልኳቸው።

«እኔኮ እበልጠው ነበር» አሉ። «ዱካ አይቼ ይቺ ሚዳቋ ናት፣ ይሄ ድኩላ ነው የምለው እኔ ነበርኩ። እሱን ይዘውት ሄዱ። ለድኩላ ደግሞ ቅቤ፣ አንበሳ የገደለ ይመስል! ዓይኑ ውስጥ ነው የጨመርኩለት። ሲያሽ ነው ያደረ። አልነገረሽም?»

አልነገረኝም አልኳቸው፤ ሁለታችንም እየሳቅን ቆየን፣ ከዚያ እሳቸው አፍንጫቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

ያቺ ቤት ፈርሳ አፓርታማ ተሠርቶባታል። ናቲ የአንዲት ልጅ አባት ሆኗል፤ እሷ እንደ አባቷ አይደለችም፣ አትተኛም፣ እኔ ቤት ባደረች ቁጥር ንገሪኝ ትለኛለች። ጉንዳኑንም፣ አፈሩንም፣ ሳሉንም አልዘልባትም። የምጀምረው ግን ከበሩ ነው፤ ቅቤ ይዛ ከቆመችው ልጅ። ለምን እሷን አልወሰዷትም ትለኛለች ሁልጊዜ። ታውቀዋለች ብለው ነው እላታለሁ።